አስረኛው መስመር

ደብረ ታቦር፣ ግንቦት 12 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለእትዬ ፈንታነሽ፣

የእኔም የእናቴም ሰላምታ ይድረስሽ። ደብዳቤሽን ጋሽ ሙሐዲን እብናት ጨርቃቸውን ሸጠው ሲመለሱ እጄ ላይ ሰጡኝ። መልሱን ስላዘገየሁ ይቅርታ አድርጊልኝ። የአስራ አንደኛ ክፍል ፈተና ይዞኝ ነበር ብልሽ ግማሹ ውሸት ይሆናል። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ።

ለምን እንደማልደውል ጠይቀሻል። የአዲሱ ጤና ጣቢያሽ ኔትወርክ የሚገኘው ኮረብታው ላይ ሲወጣ ነው ብለሻል፤ የእኛ ቤት ደግሞ እንደምታውቂው አንድ ክፍል ናት። እናቴ ስለ እህቴ ስለ ሕይወት ሲወራ ከሰማች ቀኑን ሙሉ አፏን አትከፍትም። እህቴ ከሞተች ዛሬ ሃያ ሦስተኛ ቀኗ ነው።

እናቴ ደህና አይደለችም። ስኳሯ ከፍ ብሏል፤ ክኒኑን አንድ ቀን ትውጣለች፣ ሁለት ቀን ትተዋለች። ባለፈው ሳምንት ከጤና ጣቢያው ሁለት ሰዎች መጥተው፣ በእድሜዋም በሕመሟም ምክንያት የኮሮና ክትባት ቅድሚያው የእሷ መሆኑን ነገሯት። ተቀመጡ እንኳ አላለቻቸውም። “ልጄን የገደለ መርፌ እኔ ክንድ ላይ አያርፍም” አለች። ነርሷ ሕይወት ተከተበች፣ ወር ሳይሞላት ሞተች። ሐኪሞቹ ኮሮና ነው ይላሉ፤ ከተማው መርፌው ነው ይላል። የመጡት ሰዎች ራሳቸው እንዳልተከተቡ ከፊታቸው ያስታውቅ ነበር።

የጤና ጣቢያችሁ ዘበኛ ጋሽ በላይነህ እሑድ እሑድ ይመጣል። ከሕይወት ጋር ከአንድ ብልቃጥ ስለተከተበ ሞቱን እየጠበቀ ነው። እሷ ከተከተበች በኋላ የኖረችው ቀን ካለፈህ ቆይቷል ስለው፣ “የሴት ቶሎ ነው፤ የወንድ ይዘገያል” አለኝ። ጋቢውን ለወንድሙ ልጅ አውርሶ አሁን በብርድ ይንቀጠቀጣል። እናቴን እንኳ ሊያስቃት ምንም አልቀረውም ነበር።

የሕይወትን የክትባት ካርድ አገኘህ ወይ ብለሽ በአንድ ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ጠይቀሽኛል። ሣጥኗ አልተከፈተም። ቁልፉን እናቴ አንገቷ ላይ አስራዋለች። ካርዱ ምን ያደርግልሻል? ከሕይወት ጋር ስድስት ዓመት አብራችሁ ሠርታችሁ፣ አርባዋን እንኳ ሳትጠብቂ ዝውውር ጠይቀሽ የሄድሽበትን ምክንያትም አልነገርሽኝም። አንቺ ራስሽ ተከትበሻል?

ወንድምሽ ፋሲል


እብናት ወረዳ፣ ግንቦት 18 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለፋሲል፣

እናንተን ጥዬ በመሄዴ ብትቆጣኝ እውነት አለህ። የሕይወት ጋውን ማንም ሳያነሳው መስቀያው ላይ እንዳለ በየቀኑ በፊቱ ማለፍ አቃተኝ። ለጊዜው በዚህ ተቀበለኝ።

ስለ እማማ አበበች የጻፍከው እንቅልፍ ነሳኝ። ፋሲል፣ እለምንሃለሁ፤ እሳቸው መከተብ አለባቸው። በዚህ በሽታ ከስኳር ጋር የመጡትን እኔና ሕይወት በእጃችን ተቀብለን በእጃችን ሸኝተናል። ክኒኑንም እያየሃቸው ይዋጡ። ከዚህ የተረፈ ካገኘሁ በጋሽ ሙሐዲን እልካለሁ።

እዚህ ያሉትም ተከተቡ ወይ ብለህ እንደምትጠይቀኝ አውቃለሁ። ሰባት ሠራተኞች ነን። ክትባታችን ፍሪጅ ውስጥ ከተቀመጠ ወር ሊሞላው ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ ሕፃናትን አሰልፈው የሚከትቡት እነዚሁ እጆች ናቸው፤ ለራሳቸው ሲሆን ግን አንዱ ደሜ ይረጋል ይላል፣ አንዷ አልወልድም ትላለች። ጤና መኮንኑ፣ ዘበኛው ይከተብና ሁለት ሳምንት እንየው ብሎ ሁሉንም አሳቀ። ዘበኛው አልሳቀም። በመጣሁ በሦስተኛው ቀን ምሳ ስንበላ አዋላጇ የደብረ ታቦሯን ነርስ ታሪክ አወራችልኝ። ሕይወትን ማለቷ ነው። እንደማውቃት አታውቅም። ሳህኔን አንስቼ ላጥብ ወጣሁ።

ሣጥኑ ሲከፈት ካርዱን ካገኘኸው ለማንም ሳታሳይ ለእኔ ላክልኝ። ምክንያቱን አትጠይቀኝ። ስለ ራሴም የጠየቅከኝን ሌላ ጊዜ።

ፈንታነሽ


ደብረ ታቦር፣ ግንቦት 26 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለሲስተር ፈንታነሽ፣

ለአርባዋ ተዝካር የሕይወት ነጠላ ስላስፈለገ እናቴ ቁልፉን ሰጠችኝ። ካርዱ ከነጠላው ሥር፣ ለሠርጓ የተገዛው ጫማ ካርቶን ውስጥ ነበር። ጽሑፉ ያንቺ ነው። የፊደል አጣጣልሽን አውቀዋለሁ፤ ልጅ ሆኜ ደብተሬ ላይ ስሜን የጻፍሽልኝ አንቺ ነሽ።

የመጀመሪያው ክትባት ቀን መጋቢት 27 ይላል።

በዚያ ቀን ሕይወት ጤና ጣቢያ አልነበረችም። የመድኃኔዓለም ዕለት ነበር፤ እኔና እሷ እናቴን ለጸበል ይዘን ጣራ ገዳም ሄደን ነበር። ከንጋት በፊት ወጥተን፣ በዋዜማው በተነጋገርነው መኪና ሄደን፣ ቤታችን የገባነው መብራት ሲበራ ነው። በዓመት ውስጥ ሦስታችን አብረን የዋልንባት አንዷ ቀን ስለሆነች ልሳሳት አልችልም።

ጋሽ በላይነህን፣ ሕይወት ስትከተብ አይተሃል ወይ አልኩት። “እኔ ገና መርፌውን ሳያወጡት ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ማን እንዳለ ማን እንደሌለ በምን አውቃለሁ?” አለኝ።

ጥያቄዬ አንድ ነው። እህቴ ተከትባለች ወይስ አልተከተበችም? ካርዱን አልልክልሽም።

ፋሲል


ደብረ ታቦር፣ ሰኔ 5 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለሲስተር ፈንታነሽ፣

ስልሳ የስኳር ክኒን ደርሶናል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ከላስቲኩ ውስጥ ሌላ ነገር ይኖር እንደሆነ ገልብጬ አራገፍኩት። ደብዳቤ አልነበረውም። ጋሽ ሙሐዲንን ምን አለች ብላቸው፣ “ልትጽፍ ወረቀት አወጣች፤ መልሳ ከተተችው” አሉኝ።

ተዝካሩ ግንቦት 29 ተደረገ። ፈንታነሽ ለምን አልመጣችም ብለው የጠየቁ ነበሩ። ዳሱ ውስጥ ሰው የሚያወራው ስለ መርፌው ብቻ ነበር። የጤና ጣቢያው ነርሶች በአንድ ወገን ተቀምጠው፣ ሰው ሲጠይቃቸው ወጡን ያያሉ። አንዷ ለእናቴ፣ እኛም በእሷ ተምረን ተውነው አለቻት። እናቴ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ያዘች። ጋሽ በላይነህና አብረውት የተከተቡት ሁለተኛውን ዙር እንደማይወስዱ ተማምለዋል።

አሁን የምጽፈውን በደንብ አንብቢው። ያሉት ብልቃጦች ጊዜያቸው የሚያልፈው ሰኔ 23 ነው፤ ከዚያ ወዲያ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። ከእኛ ሁለት ቤት ወዲያ ያሉት ባልቴት በኮሮና ሞተው ሰኞ ተቀብረዋል። የእናቴ ስኳር ትናንት ሦስት መቶ አልፏል። እሷ የማትከተበው በእህቴ ምክንያት ነው። እህቴ ካልተከተበች፣ እናቴ የምትፈራው ያልተደረገ ነገር ነው ማለት ነው።

እስከ ሰኔ 12 መልስ ካላገኘሁ ካርዱን ይዤ ለጤና ጣቢያው ኃላፊ ለአቶ ዳኛቸው እሰጣለሁ። ከዚያ የሚመጣውን አላውቅም። ሥራሽን እንደሚነካ ግን አውቃለሁ።

ፋሲል


እብናት ወረዳ፣ ሰኔ 9 ቀን 2013 ዓ.ም.

ፋሲል፣

ሲስተር ብለህ ከምትጽፍልኝ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አልተከተበችም።

እንዴት እንደሆነ ልንገርህ። አንድ ብልቃጥ ለአስር ሰው ነው። አስር ሰው ካልሞላ አይከፈትም፤ ከተከፈተ ደግሞ በስድስት ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይደፋል። መጋቢት 27 ቀን ጠዋት ዘጠኝ ሰዎች መጡ። ጋሽ በላይነህ፣ የጽዳት ሠራተኞቹ፣ የካርድ ክፍሉ፣ ሁለት ጡረተኛ አስተማሪዎች። ሐኪምና ነርስ አልነበረበትም። እነሱ በራቸውን ዘግተው ሥራ በዝቶብናል አሉ። ዘጠኙ መመለስ ጀመሩ፤ ዛሬ ከተመለሱ ደግመው እንደማይመጡ አወቅሁ። ለሕይወት ደወልኩ። “አስረኛዋ እኔ ነኝ፤ ጻፊኝና ክፈቺው፣ እስከ ስምንት ሰዓት እመጣለሁ” አለች። አስረኛው መስመር ላይ ስሟን ጻፍኩ፤ ካርዷንም ሞላሁ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ከፈትኩት። እስከ ቀኑ አስር ሰዓት በር በሩን ሳይ ዋልኩ። አልመጣችም። የእሷን ድርሻ ደፋሁት፤ ሪፖርቱ ላይ ግን አስር ተከተቡ ብዬ ፈረምኩ።

በማግስቱ ነገርኳት። “እሰይ፣ ዘጠኝ ሰው አገኘሽ” ብላ ሳቀች። ሌላ ብልቃጥ ስንከፍት እንድትመጣ ስላት፣ ስሜ ተጽፎ የለ፣ ሁለት ጊዜ ልጻፍ ወይ አለችኝ። ለሁለተኛው ዙር ስትመጣ እንደ መጀመሪያ እንቆጥረዋለን፣ እስከዚያ ሠርጓም ያልፋል ተባባልን። በሳቅ አለፍነው። እኔ ልጎትታት ይገባኝ ነበር። ያልጎተትኳት፣ ጎትቼ ሳመጣት አንቺስ እንዳትለኝ ነው። የጠየቅከኝ መልሱ ይኸው፦ እኔም አልተከተብኩም። ለሌላው ሰው ክንድ እጄ አይንቀጠቀጥም፤ ለራሴ ሲሆን ፈራሁ። ምን እንደፈራሁ እንኳ ልነግርህ አልችልም። ሁሉም ስለፈሩ ፈራሁ።

ከሞተች በኋላ ሰው ተከትባ ነው የሞተችው ሲል አልተከተበችም ማለት ነበረብኝ። እንዲህ ካልኩ ግን የሐሰት ፊርማዬ ሊወጣ ነው፤ ፈቃዴ ሊነጠቅ ነው። ሌላም አለ። ነርሶቹ በሙሉ እምቢ ሲሉ ተከተቡ፣ አለዚያ ስማችሁ ይጠፋል እያለች ትለምናቸው የነበረች እሷ ነበረች። ሞታ ደግሞ እሷም አልተከተበችም እንዲባልባት አልፈለግኩም አልኩ። አሁን ሳየው ለራሴ ነበር።

ይህን ደብዳቤ ለእማማ አንብብላቸው። ካርዱን ለአቶ ዳኛቸው ከሰጠህም አልቀየምህም።

ፈንታነሽ


ደብረ ታቦር፣ ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለእትዬ ፈንታነሽ፣

ካርዱን አልሰጠሁም። ደብዳቤሽን አምስት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ አራቱን ልቆጣበት ነበር። አምስተኛው ላይ ስለ ስልኩ የምትነግሪኝ ቦታ ደርሼ ማንበብ አቃተኝ።

ለሕይወት ስትደውዪላት አጠገቧ ነበርኩ። “እስከ ስምንት እመጣለሁ” ስትል ሰምቻለሁ። እናታችንን ለእኔ ትታ በአምስት ሰዓቱ መኪና ልትመለስ ተነሳች። ከኮሮናው ወዲህ ቤት የምትመጣው ለመተኛት ብቻ ነበር፤ ያቺን ቀን ለእኔ ቃል ገብታልኝ ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ያወለቀችውን አንድ እግር ጫማ ወስጄ ከዛፍ ሥር ደበቅሁባት። ልቀልድባት ነበር እንጂ ላስቀራት አልነበረም፤ ወይም ላስቀራት ነበር። እየሳቀች ስትፈልግ፣ ቆይታ ሳትስቅ ስትፈልግ፣ መኪናው ሄደ። ከዚያ አውጥቼ ሰጠኋት። “አንተ ልጅ፣ ሥራ አበላሸህብኝ” ብላ ጆሮዬን ቆነጠጠችኝ። ምን ሥራ እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ያንቺን እስክታምኚልኝ ድረስ ሳስፈራራሽ የራሴን ደብቄ ነበር። ይቅር በይኝ።

ለእናቴ ቅዳሜ አነበብኩላት። የእኔንም ጨምሬ ነገርኳት። ጮሃ ታለቅሳለች ብዬ በሩን ዘግቼ ነበር። አላለቀሰችም። “አልተከተበችም?” ብላ ደግማ ጠየቀችኝ። አዎ ስላት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ ወዲህ አልተናገረችም፤ የምትበላውም ለክኒኑ ያህል ብቻ ነው። ጥፋት የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ዛሬ የሐዋርያት ጾም ሲገባ አፏን ፈታች። ያለችውን እንዳለችው እጽፍልሻለሁ።

“ለፈንታ ጻፍላት። ያ መርፌ ልጄን ካልነካት እኔን ይንካኝ። ግን እሷ መጥታ ከእኔ ጋር ትከተብ። እሷ ያልወሰደችውን አልወስድም።”

ጋሽ በላይነህን ጠርታ እሷው ነገረችው። እንግዲያ ጋቢዬን ላስመልስ አለ። ከዘጠኙ አንዱ አስተማሪ ባሕር ዳር ልጃቸው ዘንድ ሄደዋል፤ ስምንቱ ለሁለተኛው ዙር ይመጣሉ። እናቴ ዘጠነኛ ናት። የቀረውን አንቺ ታውቂዋለሽ።

ብልቃጡ እስከ ሰኔ 23 ነው።

ፋሲል


እብናት ወረዳ፣ ሰኔ 18 ቀን 2013 ዓ.ም.

ወንድሜ ፋሲል፣

እመጣለሁ። ይህን ቃል ስጽፍ ሕይወት ትዝ አለችኝ፤ ስለዚህ ስሜን ቀድማችሁ እንዳታስጽፉ። ብልቃጡም በሩ ላይ ሳታዩኝ አይከፈት። ሰኔ 22 በመጀመሪያው መኪና እወጣለሁ። ዝናቡ መንገዱን ከቆረጠው በእግሬ ጀምሬ ያገኘሁትን መኪና እሳፈራለሁ።

ትናንት ምሳ ላይ ለአዋላጇ፣ ያቺ የደብረ ታቦር ነርስ አልተከተበችም አልኳት። በምን አወቅሽ አለችኝ። መዝገቡ ላይ የጻፍኳት እኔ ነኝ አልኩ። ማንም አልጎረሰም።

ጫማውን በተመለከተ ስንገናኝ እንነጋገር። እስከዚያ ብቻህን አትሸከመው።

ፈንታነሽ


ደብረ ታቦር፣ ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም.

እትዬ ፈንታ፣

ክንድሽ እንዴት ነው? የእናቴ ሁለት ቀን አመማት፤ ትንሽ አተኮሳት፤ አሁን ደህና ናት። ጋሽ በላይነህ በዚህኛው ዓይኑን ስላልጨፈነ፣ መርፌው ይህን ያህል ትንሽ መሆኑን ማን ነገረኝ እያለ ለሰው ሁሉ ያወራል። ጭቃሽ ከጤና ጣቢያው ወለል ገና አልጸዳም። እስከ ጉልበትሽ ጨቅይተሽ በሩ ላይ ስትቆሚ ጋሽ በላይነህ ሌባ መስለሽው ዱላ ማንሳቱን አልነገረሽም።

ቶሎ ወደ መኪናው ስለሮጥሽ የሆነውን አላየሽም። እናቴ መዝገቡን አሳዩኝ አለች። ማንበብ ስለማትችል የቷ ናት ብላ ጠየቀችኝ። የመጋቢት 27ን ገጽ ገልጬ አስረኛው መስመር ላይ ጣቷን አኖርኩላት። ከጎኑ በቀይ ያስገባሽውን “አልተከተበችም” የሚለውንም አነበብኩላት። ጣቷን እስከ መስመሩ ጫፍ አስኬደችው። ከነርሶቹ ሁለቱ በሩ ላይ ቆመው ያዩ ነበር፤ በማግስቱ ከመጨረሻው ብልቃጥ ተከተቡ። የቀሩት ገና እያሰቡ ነው።

ለአቶ ዳኛቸው የምትሰጪውን የእምነት ቃል ረቂቅ ለእናቴ እንዳነብላት ልከሻል። አነበብኩላት። “ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው” የሚለው ላይ ስደርስ በእጇ አስቆመችኝ። ለሁለት ቀን ፊቷን ወደ ግድግዳ ያዞረችበትን ምክንያት ያን ጊዜ ነገረችኝ።

ጣራ ገዳም መኪናው ከሄደ በኋላ፣ እኔ ቆሎ ልገዛ ወርጄ ሳለ፣ ሕይወት ስለ ክትባቱ ጠይቃት ነበር። እናቴም ሠርግሽ ደርሷል፣ ማህፀንሽን ሊዘጋብሽ ይችላል ይላሉ፣ ከሠርግሽ በፊት እንዳትነኪው ብላ በዕለቱ ታቦት ተማጽናታለች። በኋላ መከተቧ ሲወራ፣ ቃሌን ጥላ ተከተበችና ሞተች ብላ አመነች። ተዝካሯን ስታወጣ እንኳ በልጇ ተቀይማ ነበር። ያንቺ ደብዳቤ የነገራት፣ ልጇ ቃሏን እንደሰማቻት ነው።

“እኔ በሕይወት ሳለሁ ብቻዋን አትፈርምም” አለችኝ። ረቂቁ ላይ ያንን መስመር ሰርዤ የእኔን ጫማና የእሷን ቃል ጻፍኩበት። ጋሽ ሙሐዲን ለመንገድ ተነስተው በር ላይ ቆመው ሲጠብቁ፣ አውራ ጣቷን በእስክሪብቶ ቀለም ቀብታ ከስምሽ በታች አተመችው። እኔም ከጎኑ ፈርሜያለሁ። ወረቀቱን ከዚህ ጋር ታገኚዋለሽ።

ንጹሕ አድርገሽ እንደገና አትጻፊው ብላለች። እንዳለ ይሰጥ።

ፋሲል